የ90ዎቹ ምርጥ ፊልሞቻችሁን አምጡ (የፈረንጁን 90ዎቹ ነው፣ እንዳንጣላ)

ጦሳ ስር፦

ሰላም የሀገር ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ። ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ደሴን ታውቋታላችሁ፣ ዝናብ ሲጨመርበት ጭጋጉ ሳያንኳኳ ሳሎን ይገባል። ስልኬ 11 ፐርሰንት ቀርቶታል። ጋቢዬን ተከናንቤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ የ90ዎቹን ፊልሞች በልቤ ደረጃ ሳወጣላቸው አመሸሁ። ሲነጋ መብራቱ መጣ፣ ደረጃው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እዚሁ ልዘርግፈው።

ቀድሜ ልናገር፣ 90ዎቹ ስል ከ1990 እስከ 1999 በፈረንጅ ነው። በኛ ከ82 እስከ 92 ግድም ማለት ነው። ባለፈው ይሄን ሳልል ጀምሬ ሰው ሁሉ ቀዝቃዛ ወላፈንን ይዞ መጣብኝ። ጥሩ ፊልም ነው፣ ግን እሱ የኛ 90ዎቹ ነው። ለሱ ሌላ ቀን እንከፍታለን።

ተርሚኔተር 2 ይቅደም። 1991 ነው የወጣው። ያ ፖሊስ መስሎ የሚመጣው፣ እንደ ቀለጠ ብረት የሚፈሰው ሰውዬ ዛሬም ያስፈራኛል። ብዙ ሰው ሙሉውን ኮምፒውተር የሰራው ይመስለዋል። ኮምፒውተር የገባበት ተደምሮ 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ያ ትልቅ መኪና ከላይ ወደ ቦዩ ሲወረወር የእውነት ነው የተወረወረው። ለዛ ይመስለኛል ያላረጀው። ጁራሲክ ፓርክም (1993) እንደዛ ነው። ከ2 ሰዓት በላይ ቁጭ ብላችሁ ዳይኖሰር የምታዩት 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው መጠበቅ ነው። ያቺ ብርጭቆ ውስጥ ያለች ውሃ ስትንቀጠቀጥ እኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር፣ ጎኔ ያለውን ልጅ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ሂት (1995)። አል ፓቺኖና ሮበርት ዴኒሮ። ሁለቱም ጎድፋዘር 2 ላይ አሉ፣ ግን አንድም ቦታ አብረው አይታዩም። እዚህ ግን ፖሊሱና ዘራፊው ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ፣ ያወራሉ፣ በቃ። ልጅ ሆኜ እዚህ ጋ ስንደርስ «አሳልፈው!» ብዬ የጮህኩ ነኝ፣ ተኩስ ፈልጌ። አሁን ተኩሱን አሳልፌ እሷን ነው የማየው።

ሾሻንክ ሪደምፕሽን (1994)። ሲወጣ ሲኒማ ቤት አልቀናውም። ለ7 ኦስካር ታጭቶ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ሰው የወደደው በኋላ ነው፣ በካሴትና በቴሌቪዥን። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፣ አሜሪካኖቹም እንደኛ በካሴት ነው የተዋወቁት ለካ።

አንደኛዬ ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። ካራን አርጁን ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዛ አንብቡ። 1995፣ ሻሩክ ካንና ሳልማን ካን ወንድማማች የሆኑበት።

ያየሁት ሸዋ በር አካባቢ የነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። መግቢያው 50 ሳንቲም። የጭቃ ግድግዳ፣ ከፊት 3 አግዳሚ፣ ከኋላ መቆም ነው፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ካሴቶቹ ከጅዳ ስለሚመጡ ከስር የሚጻፈው አረብኛ ነው። ንግግሩ ህንድኛ፣ ጽሁፉ አረብኛ፣ እኛ ደግሞ አማርኛ። ይሄን የሚያስታርቅልን ደረሳው ነበር። ከገጠር ኪታብ ሊቀራ የመጣ ልጅ ነው፣ ነህው (የአረብኛ ሰዋስው) ጨርሷል ይባልለታል። አረብኛውን እያነበበ ጮክ ብሎ ይነግረናል። በምትኩ በነጻ ይገባል፣ ባለቤቱ ደስ ካለው ሻይ በፓስቲ ይጋብዘዋል። ሸሁ እንዳይሰሙበት ኩታውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚመጣው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጥና አንገቱን እንደ ዶሮ አጣሞ ያነባል። ለሴቶቹ ድምጹን አያቀጥንም። ሁሉንም፣ ሻሩክንም ካጆልንም አሮጊቷንም፣ በዛው ኪታብ በሚያነብበት ድምጽ ነው የሚነግረን።

እንግዲህ ፊልሙን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ክፉው ሰውዬ ሁለቱን ልጆች ይገድላቸዋል። እናትየዋ ጣኦቷ ፊት ሄዳ ታለቅሳለች፣ ልጆቼን መልሺልኝ ትላለች። ልጆቹ እንደገና ይወለዳሉ፣ ሌላ ቤት፣ ከሌላ እናት። ደረሳው ይሄን ምን ብሎ ይተርጉመው? ቤቱ ውስጥ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ ሞቶ መወለድ ከተባለ ሁለቱም እኩል ነው የሚደነግጠው።

ትንሽ ዝም አለ። ከዛ «አልሞቱም» አለን።

«እንዴት አልሞቱም? ደም በደም ሆነው!»

«ቆስለው ነው። አንድ ደግ ሰው አንስቶ አሳክሟቸዋል።»

«እነዚህ የተወለዱት ህጻናትስ?»

«የጎረቤት ልጆች ናቸው። ዝም ብላችሁ እዩ!»

እኔ ይሄን አምኜ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። የጎረቤት ልጆች የተባሉት የት እንደገቡ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ካቻምና ነው በስልኬ ከእንግሊዝኛ ጽሁፍ ጋር ያየሁት። ለካ ሞተዋል! ለካ ህጻናቱ እነሱ ናቸው! ሌሊት ብድግ ብዬ ስቀመጥ ሚስቴ ምን ሆንክ አለችኝ። ምን ልበላት።

እና እውነቴን ነው፣ የደረሳው ይሻላል። በሱ ትርጉም እናትየዋ «ልጆቼ ይመጣሉ» እያለች ስትዞር፣ መንደሩ ሁሉ እብድ ሲላት፣ ከሰው ሁሉ እውነቱን የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ልጆቿ አሉ። የሆነ ቦታ እያደጉ ነው። በኦሪጅናሉ ግን ተአምር ያስፈልጋታል። እኔ ያለ ተአምር ነው የወደድኳት።

በሉ የናንተን አምጡ። የት እንዳያችሁትም ጻፉ።


ሰኞ ገበያ፦

ወንድም ጦሳ፣ እኔ በ90ዎቹ መጨረሻ ነው የተወለድኩት፣ ስለዚህ አትፍረዱብኝ። ካራን አርጁንን አንተ ይሄን ከጻፍክ በኋላ ለማየት ሞከርኩ። 40 ደቂቃ ላይ ተሸነፍኩ። ፈረስ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ሰው ይመታና አየር ላይ ይቆያል። ሙድ እየያዝኩ አይደለም፣ ግን ይሄን ከሂት በላይ ማድረግ ትንሽ አልከበደህም?

የኔ አንድ ብቻ ነው፣ ማትሪክስ፣ 1999። ሰውየው ጥይቷን ሽሽት ሲያጎነብስ ካሜራው የሚዞርበትን አይታችኋል አይደል። ከ100 በላይ ፎቶ ካሜራ ዙሪያውን ደርድረው ነው የሰሩት፣ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ እየተነሳ። ከዛ በኋላ ማስታወቂያው ሁሉ፣ ካርቱኑ ሁሉ ቀዳው። የቀረውን 90ዎቹን ለናንተ ትቻለሁ።


ቦርከና_77፦

ደሴዎች ሁልጊዜ በናንተ ብቻ ያለ ይመስላችኋል። ኮምቦልቻም ቪዲዮ ቤት ነበር፣ ያውም የኛው ይሞቅ ነበር! የእውነት ነው የምላችሁ፣ ይሞቅ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስኮት የለም፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ 60 ሰው። የፋብሪካ ፈረቃ ጨርሰው የሚመጡት እዛው አግዳሚው ላይ ይተኛሉ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ይቀሰቀሳሉ፣ እንደገና ይከፍላሉ። እናንተ ብርድ ልብስ በር ላይ ስትሰቅሉ እኛ ሸሚዝ አውልቀን ነበር።

ደረሳ ግን አልነበረንም። ተርጓሚ የሚባል ነገር የለም። ለዛ ይመስለኛል ኮምቦልቻ የካራቴ ከተማ የሆነችው። ቫንዳም ምን ይተረጎማል? ይመታል፣ ይመታል፣ መጨረሻ ላይ እግሩን ይሰነጥቃል። ጃኪ ቻንም እንደዛው። የኔ አንደኛ ድራንክን ማስተር 2 ነው (1994)፣ በር ላይ በጠመኔ «ሰካራሙ ጃኪ» ተብሎ የተጻፈው። መጨረሻው ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ጃኪ ፍም ላይ ይወድቃል። ፍሙ የእውነት ነው። ቀረጻው አላማረኝም ብሎ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ገብቶበታል። ይሄን የሰማሁት በቅርብ ነው፣ ያኔ ግን አንድ የፋብሪካ ሰራተኛ ከኋላችን ቆሞ «ይሄ ልጅ የምር ነው የተቃጠለው» ሲል ትዝ ይለኛል። ሰውየው እሳት ያውቃል።

ሌላም አለ። ራምብል ኢን ዘ ብሮንክስ (1995)። ኒው ዮርክ ነው ይሉናል፣ ከህንጻው ኋላ ተራራ ይታያል። የተቀረጸው ካናዳ ቫንኩቨር ነው። ተራራ ያለበት ኒው ዮርክ!

ፌስ ኦፍን (1997) ያለ ትርጉም ማየት ምን እንደሆነ ደግሞ እኛን ጠይቁን። ጆን ትራቮልታና ኒኮላስ ኬጅ ፊት ይቀያየራሉ አይደል? እኛ መቀያየራቸው አልገባንም። ግማሹ ቤት እስከ መጨረሻው ለተሳሳተው ሰውዬ ነው ያጨበጨበው። ሲወጡ ደጅ ላይ ሊደባደቡ ነበር።


ሰኞ ገበያ፦

ተራራ ያለበት ኒው ዮርክ ደሴ ናት 😂


ቡና ጠጡ፦

እናንተ ስለ ቪዲዮ ቤት ስታወሩ እኔ ግራ ነው የሚገባኝ። የትኛዋ ሴት ልጅ ናት ያኔ ቪዲዮ ቤት የምትገባው? ወንድሜ ገብቶ ሲመለስ ይተርክልናል፣ ያም ሁሌ ውሸት ይጨምራል። አንዴ አርኖልድ ብቻውን ሀገር ሙሉ ጦር ፈጅቶ ሲጨርስ ቡና ጠጣ ብሎናል።

የኛ ቪዲዮ ቤት የአክስቴ ሳሎን ነበር፣ ኮምቦልቻ። ጅዳ 6 ዓመት ሰርታ ስትመለስ ይዛ የመጣችው ትልቁ እቃ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ነው። ዳንቴል አልብሳ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሴት ይሰበሰባል። መግቢያ ገንዘብ አይደለም፣ አንዷ ስኳር፣ አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ከሰል ይዛ ትመጣለች። እጣኑ ሲጨስ ስክሪኑ ጭራሽ አይታይም፣ ማንም ግን አጥፉት አይልም። ተርጓሚም አልፈለግንም፣ አክስቴ ጅዳ የለመደችው አረብኛ ይበቃናል። ማንበብ አትችልም ግን። ስለዚህ ከጽሁፉ ሳይሆን ከልቧ ነው የምትነግረን።

የኔ ፊልም ያ ባቡር ያለበት ነው፣ ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ። 1995። ስሙን እስካሁን በአንድ ትንፋሽ አልጨርሰውም። የልጅቷ እናት ወርቋን አውጥታ ትሰጣቸውና ልጄን ይዘሃት ጥፋ ትለዋለች። ሻሩክ እምቢ ይላል። ከአባቷ እጅ ካልሆነ አልወስዳትም ይላል። እዚህ ጋ ሳሎኑ ውስጥ የነበረውን ዝምታ መቼም አልረሳውም። ከመሀላችን ተጠልፋ ያገባች ሴት ነበረች። ስኒዋን አስቀመጠች፣ «እንዲህም አለ እንዴ» አለች፣ ከዛ ስኒዋን መልሳ አነሳች። ማንም ምንም አላላትም።

መጨረሻ ላይ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ልጅቷ «ልቀቀኝ» እያለች ታለቅሳለች። አባቷ እጇን አጥብቆ ይዟታል። ይይዛታል፣ ይይዛታል፣ ከዛ ይለቃታል። ሂጂ ይላታል። ያኔ ሳሎኑ ውስጥ ያላለቀሰ ቡናው ብቻ ነው። ባቡር በአይናችን አይተን አናውቅም እኮ። አሁን ኮምቦልቻ ሀዲዱ ተዘርግቷል፣ እጇን ዘርግታ የምትሳፈር ግን እስካሁን አላየሁም።

ሙምባይ ውስጥ ማራታ ማንዲር የሚባል ሲኒማ ቤት ይሄን ፊልም ከ1995 ጀምሮ ለዘመናት በየቀኑ ሲያሳይ ኖሯል። አክስቴ ይሄን ስነግራት ምን አለች መሰላችሁ፣ «እኔም እኮ አላቋረጥኩም።»

ጦሳ፣ አባትየው ማን እንደሆነ አስተውለሃል? አምሪሽ ፑሪ ነው። ያንተን ካራን አርጁን የገደለው ሰውዬ! በአንድ ዓመት ውስጥ።


ጦሳ ስር፦

እህቴ ምን አደረግሽኝ። 30 ዓመት ሙሉ የጠላሁትን ሰውዬ አስለቀስሽኝ።


ጋሽ ፕሮጀክተር፦

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ። አነበብኳችሁ፣ ሳቅኩ። ግን በየቪዲዮ ቤቱ «አክተር (ዋናው ሰውዬ) አይሞትም» ብላችሁ ያደጋችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ ፊልሙ አይደለም። በ1975 በሾሌ አሚታብ ባቻን ሞቷል። ለጓደኛው ብሎ፣ ሳንቲም እየወረወረ ሲያታልለው ኖሮ። ከዛ ወዲህ በህንድ ፊልም የሞተ ሁሉ ለኔ የሱ ቅጂ ነው። አምሪሽ ፑሪን የምታወሩለት ደግሞ በ1984 ኢንዲያና ጆንስ ላይ የሰው ልብ ሲያወጣ የነበረው እሱ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህን ሁሉ ስትዘረዝሩ የራሳችሁን ሰው ረሳችሁት። ኃይሌ ገሪማ ሳንኮፋን ያወጣው በ1993 ነው፣ በናንተው 90ዎቹ። ስለ ባርነት ነው፣ ጋና ባህር ዳር ካለው የባሪያ ግምብ ይጀምራል። አሜሪካ አከፋፋይ አጣ። ምን አደረገ? ፊልሙን ተሸክሞ ከተማ ለከተማ እየዞረ ራሱ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ አሳየ። ወረፋው አስፋልት ዞረ። በኋላ ዋሽንግተን ላይ በዚሁ ስም የመጻሕፍትና የፊልም ሱቅ ከፈተ። እናንተ ካሴት ከጅዳ ስትጠብቁ እሱ ፊልሙን ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

በ1999 ደግሞ ኢንዱራንስ አለ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ሆኖ የሰራበት። ልጅነቱን የሰራው ዘመዱ ነው። መጨረሻው የአትላንታ 10 ሺህ ሜትር ነው፣ 27 ደቂቃ ከ07። እሱ ላይ እንኳን አክተሩ አይሞትም።


ሰኞ ገበያ፦

ጋሼ ሳንኮፋን ዛሬ ማታ አየዋለሁ፣ ቃሌ ነው። እርስዎ ማትሪክስን ያያሉ?


ጋሽ ፕሮጀክተር፦

አይቼዋለሁ ልጄ። መነጽራቸው ጥሩ ነው።


ካሴት አጠንጣኙ፦

ይሄን ክር ሦስት ቀን በዝምታ ሳነብ ቆየሁ። ከዚህ በላይ ግን አልችልም። ጦሳ፣ እኔ እዛ ቤት ሰርቻለሁ። ብርድ ልብሱን የምሰቅለው እኔ ነበርኩ።

ስራዬ ሦስት ነገር ነው። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ መጻፍ፣ ሄዱን (ዴኩ ካሴቱን የሚያነብበትን) ማጽዳት፣ ካሴት ማጠንጠን። የዴኩ ማጠንጠኛ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። የቪዲዮ ካሴት ከስሩ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። በክብሪት እንጨት ጫን ስትላት ፍሬኑ ይለቃል፣ ከዛ ጥርሱን በጣትህ ታዞራለህ። የ3 ሰዓት የህንድ ፊልም በጣት! የቀኝ ሌባ ጣቴ እስካሁን ጠማማ ናት። ሄዱን ደግሞ በሽቶ ነክረን በወረቀት ነው የምናሸው፣ ቤቱ ሁሉ ሰርግ ሰርግ ይሸታል። ዴኩ ካሴት ከበላ የተጨማደደውን በምላጭ ቆርጠን በፕላስተር እንቀጥላለን። ሰው «ደረሳው እዚህ ጋ ዘለለው» ሲል እሰማለሁ፣ እሱ አልዘለለም፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

ባዚጋርን (1993) ያስገባን ቀን ልነግራችሁ። ሻሩክ ገና በጊዜ ልጅቷን ከፎቅ ይወረውራታል። ቤቱ ተናወጠ። አክተር እንዴት ሴት ይገድላል? እሺ ይሁን፣ ለአባቱ ደም ነው ብለው ታገሱ። መጨረሻ ላይ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሲሞት ግን ሰው ተነሳ። «ገንዘባችን ይመለስ!» 50 ሳንቲም ነው እኮ። ባለቤቱ በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ምን አስጻፈኝ፦ «ባዚጋር። ሻሩክ የሚሞትበት። ቅሬታ አንቀበልም።» ከዛ ወዲህ በከተማው ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ።

ታይታኒክ ሲመጣ ደግሞ ካሴቱ ሁለት ነው፣ ፊልሙ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ስለሆነ። ለሁለት ቪዲዮ ቤት አንድ ኮፒ ነበረን። እኛ አንደኛውን ስንጨርስ እኔ በጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ በዝናብ እሮጣለሁ፣ እነሱ ጋ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ከዛ ሁለተኛውን ይዤ ወደዛ፣ አንደኛውን ይዤ ወደዚህ። በቀን ሁለቴ ሦስቴ። መርከቧ አንዴ ሸዋ በር አንዴ አራዳ ትሰምጣለች፣ እኔ መሀል ላይ እርጥብርጥ ብዬ። ሙሉውን ፊልም ቁጭ ብዬ ያየሁት ካገባሁ በኋላ ነው።

አሁን የደረሳው ነገር። ጦሳ፣ ቁጭ በል።

የዴካችን ሄድ አርጅቶ ስለነበር ከስክሪኑ ግርጌ ሁሌ ነጭ መስመር ይሮጥ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ጽሁፉ ያለው የት ነው? ግርጌ ላይ። ደረሳው ግማሹን አያየውም ነበር። አንድ ቀን ሰው ወጥቶ ብቻችንን ስንቀር ጠየቅኩት፣ «እውነት ታነበዋለህ?» ሳቀ። «የታየኝን አነባለሁ፣ ያልታየኝን ፊታቸውን አይቼ እሞላለሁ» አለኝ።


ጦሳ ስር፦

ኧረ በናትህ! ተው እንጂ! ታዲያ «አልሞቱም» ያለውስ? እሱም ስላልታየው ነው?


ካሴት አጠንጣኙ፦

እሱንማ አጥርቶ ነው ያነበበው። መስመሩ እዛ ጋ ለአፍታ ጠፍቶ ነበር። «ሞተው ተወለዱ ይላል» አለኝ። «ይሄን በኔ አፍ ተናግሬ ሸሁ ጆሮ ቢደርስ ምን ይውጠኛል?» የጎረቤት ልጆች ያለው ግን ተጨንቆ ነው፣ ከሱ በኋላ ራሱም ሲስቅ ነበር።


ቦርከና_77፦

እንዲህ ያለ ሰው ኮምቦልቻ ቢሰጡን ኖሮ ለፌስ ኦፍ ባልተጣላን።


ጦሳ ስር፦

እሺ፣ አሁን የት ነው ያለው?


ካሴት አጠንጣኙ፦

ሳውዲ ገባ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ቆየ። ከዛ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። ያየ ካለ እዚህ ይጻፍ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱ ካነበበው ያውቃል።


ሰኞ ገበያ፦

እኔ ግን አሁን ካራን አርጁንን የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከእንግሊዝኛው ጋር አይደለም። አንዱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በደረሳው ይንገረኝ።


ጦሳ ስር፦

እኔ እነግርሃለሁ። ቃል በቃል አለኝ።


ቡና ጠጡ፦

ቆይ፣ የአክስቴ ዴክ እስካሁን አለ። ዳንቴሉም አለ። ካሴቶቹ ብፌው ስር ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ካራን አርጁን እንዳለ በአይኔ አይቻለሁ፣ ከባቡሩ ጋር ነው የተቀመጠው። እሁድ ከመጣችሁ ቡና አለ። ስኳርና ከሰል ግን ከናንተ።


ቦርከና_77፦

እኔ እዚሁ ነኝ፣ በእግሬ እደርሳለሁ። ደሴዎች፣ ሀረጎን ስትወርዱ ጃኬታችሁን አውልቁ።


ጋሽ ፕሮጀክተር፦

ለሽማግሌ ወንበር ካለ እመጣለሁ። አግዳሚ ላይ አልቀመጥም።


ጦሳ ስር፦

ጋሼ ከፊት ነው የሚቀመጡት። ቡና ጠጡ፣ ዴኩ ግን ይሰራል?


ቡና ጠጡ፦

ይሰራል። ካሴት ይበላል እንጂ ይሰራል።


ካሴት አጠንጣኙ፦

ምላጭና ፕላስተር ይዤ እመጣለሁ።